እስከ ጌጫ ያልደረሰ ዝምታ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እህቴ፣ ለእትዬ ሸዋነሽ፤

ከወሬው ሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ከረምሽ? አንገትሽስ እንዴት ሆነ? ቁስሉ ደርቋል? ምግብ ትውጫለሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ጋሽ ክፍሌ እንዴት ነው፣ ወገቡን ተሻለው? ሰብለ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ሙሉዓለምስ ከዚያ ከማያልቅ የካርታ ጨዋታው ተላቀቀ? የድሬዳዋ ሙቀት ለቁስል አይበጅም ሲሉ ሰምቻለሁና እባክሽ ቀን ቀን ከጥላ አትውጪ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል ማናልሞሽና አቢጊያ ደህና ናቸው ማለቴ ነው። እኔ ግን ከጥር ጀምሮ እንደተናደድኩ አለሁ፤ ይህንንም የምጽፍልሽ እንደተናደድኩ ስለሆነ ቃሌ ቢሻክር ታገሺኝ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእናንተው ቤት ነው። ቀዶ ጥገናው ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት አዲስ አበባ እንደሚደረግልሽ የጻፍሽልኝ ራስሽ ነሽ። ይኸው ጥር አልቆ የካቲት ገባ፤ ገባች፣ ወጣች፣ ተነሳች የሚለኝ ሰው ጠፋ። ቴሌ ሄጄ፣ ተሰልፌ፣ ድሬዳዋ ጎረቤታችሁ ቤት አስደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ አዲስ አበባ ናቸው፣ አልተመለሱም ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ሰው እንዴት በዚህች ብቻ ይሸኛል? ጋሽ ክፍሌን እንደ አባቴ ነው የማየው፤ ግን ደህና ናት ብሎ መጻፍ ምን ያህል ይከብዳል? ሰብለስ ብትሆን ያን ሁሉ ዓመት ተምራ ለአጎቷ አንዲት ፖስታ ካርድ መላክ አቅቷት ነው? ይህን ደብዳቤ የምታነብልሽ እሷ ከሆነች እዚህ ጋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው።

አሁን የምነግርሽን እስከ ጥር ድረስ ከማናልሞሽ በቀር ማንም አያውቀውም ነበር። በኅዳር በጻፍሽልኝ ደብዳቤ ላይ፣ እንቅርቱ ሲወጣ የድምፅ ጅማት አጠገቡ ስለሚያልፍ ቢነካ ድምፅሽ ሊጠፋ እንደሚችል ሐኪሙ ነገረኝ አልሽና ከዚያ ወዲያ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ቀጠልሽ። እኔ ሽንኩርቱ ጋ አልደረስኩም። እናታችን ከሞተች በኋላ እኔን ያሳደገኝ ያንቺ ድምፅ ነው። ምሳ ደርሶ ደጃፍ ላይ ቆመሽ ወልዴ ብለሽ ስትጣሪ እንኳን እኔ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ወደየቤቱ ይሮጥ ነበር። ያ ድምፅ ከጠፋ እኔን ማን ይቆጣኛል? ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሱቁን ዘጋሁ፤ ገበያ ቀን ነበር፣ ማናልሞሽም ምን ነካህ አለችኝ።

እናም ተሳልኩ። እኔን ታውቂኛለሽ፤ ጃንጥላ ወይም ጧፍ ብሳል ገዝቼ አስገብቼ እገላገል ነበር። ስለት ግን የሚከብድ ነገር ካልሆነ ምኑ ስለት ነው? ለእኔ ደግሞ ከዝምታ የሚከብድ ነገር የለም። ሱቄ ገብቶ ሁለት ሜትር አቡጀዲ የሚገዛ ሰው የዘመዶቼን ታሪክ ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። በዚያ ላይ ቶሎ ቱግ ማለቴ አለ። ከቴፒ በላይ ያለችው የጌጫዋ ማርያም ስለት ትሰማለች ይላሉና፣ የእህቴን ድምፅ ጠብቂልኝ፣ እኔ ደግሞ ለአስተርዮሽ ከሱቄ ደጃፍ ተነስቼ እስከ ቤተ ክርስቲያንሽ በር ድረስ በሳይክሌ እመጣለሁ፣ መኪና ላይ አልወጣም፣ በመንገዴም ከአፌ አንዲት ቃል አይወጣም አልኳት። ድምፅ በድምፅ መሆኑ ነው። ማናልሞሽ ስነግራት ሸኮ ሳትደርስ ነው የምትፈነዳው ብላ ሳቀችብኝ። ስለት ሳይደርስ ቢወራ ደግ አይመስለኝምና ለአንቺ አልጻፍኩልሽም።

ሳይክሌን አላየሽውም እንጂ ብታዪው ትስቂበታለሽ። አሮጌ ፊኒክስ ነው፤ መቀመጫው በሽቦ ታስሯል፣ ካቴናው ዳገት ላይ ያንቋርራል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እሱን ይዤ ብቻዬን ከከተማ እወጣለሁ። ይህም አንዱ የንዴቴ ምንጭ ነው። ሱቅ ያለው፣ ፀጉሩ ሸበቶ የሆነ ሰው ያለ ጉዳይ ዳገት ለዳገት በሳይክል ሲዞር ሚዛን ተፈሪ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚባለው፤ ወይ ከስሯል፣ ወይ አንዲት ሴት ዘንድ ይመላለሳል። ደስ ስለሚለው ነው የሚል ሰው የለም። እኔ ግን ደስ ስለሚለኝ ነው። ዳገቱ ራሱ አፌን ይዘጋዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥር ወሬ የለም፣ ቁጣም የለም። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ነፋሱ ጆሮዬን ሞልቶት የማንም ነገር አይሰማኝም። በሳምንት አንድ ቀን ዝም የምለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው ስለቱን በሳይክል ያደረግሁት።

ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን በማለዳ ተነሳሁ። መንገዱ፣ እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ? የቡናው ለቀማ እያለቀ ነው። በየደጃፉ ቡናው ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ፣ ኮረሪማው በክር ተሰክቶ ከጣሪያው ጠርዝ ተንጠልጥሏል። ከሸኮ በላይ ጫካው መንገዱን ከግራና ከቀኝ ያቅፈዋል፤ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ ቅጠሉ ይረግፋል እንጂ ድምፅ አያሰሙም። ከዛፎቹ ላይ የተሰቀሉት ቀፎዎች ሥር ሳልፍ ንቦቹ ይሰሙኛል። ከዚያ መንገዱ ወደ ቴፒ ቁልቁል ሲወርድ አየሩ ይሞቃል፣ ሸለቆው ይከፈታል፣ ወንዙ ከታች ብልጭ ይላል፣ ፍሬኔን እየያዝኩ እየለቀቅኩ እወርዳለሁ። ሰው ባይኖርበት ኖሮ ስለቴ ያለ ምንም ችግር ይደርስ ነበር።

ግን ሰው አለበት። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ሰላም ሳይልሽ አያሳልፍሽም። ቡና የሚያሰጡ ሴቶች፣ እንሰት የተሸከሙ፣ በሬ የሚነዱ፣ ሁሉም በአማርኛም በቤንችኛም በሸኮኛም እንዴት አደርክ ይሉኛል። እኔ ራሴን ዝቅ አድርጌ የሳይክሌን ቃጭል አቃጭላለሁ። አንዳንዱ በቃጭሉ ይስቃል። አንዳንዱ ግን ይቀየማል። አንድ ሽማግሌ ሰላምታ ለሰው እንጂ ለቃጭል አልሰጠሁም ብሎ ከኋላዬ ጮኸብኝ። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እቀየማለሁ። ግን አንድ ሰው አንድ ቀን ዝም ቢል የሚታገሰው ይጥፋ? እንደ እኔ ያለ ለፍላፊን የሚታገስ አገር አንድ ዝምተኛን እንዴት መታገስ ያቅተዋል?

ቴፒ ያደርኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ዓለምሸት የምትባል ሴት ናት። በእጄ ሳይክሌንና አልጋውን ሳሳያት መስማት የተሳነኝ መሰላትና እግዜር ያሳይሽ፣ እላዬ ላይ ትጮህ ጀመር። ነጠላ ነው ወይስ ባለ ሁለት፣ እያለች ጣቶቿን ዓይኔ ሥር ትቀስራለች። የመንገድ ማዶው ሁሉ ሰምቷታል። ይህም ይሁን። እራት ስበላ ግን አጠገቤ ለተቀመጠው ደንበኛዋ፣ ምስኪን፣ መልኩስ ደህና ነበር፣ ሸሚዙን የሚያጥብለት ሰው የለውም መሰለኝ ብላ ስትነግረው ቁራሹ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያን ሸሚዝ ማናልሞሽ ናት ያጠበችው! አቧራው የመንገድ ነው! ይህን ሳልናገር መዋጤን ማርያም ካልቆጠረችልኝ ሌላ ምን ትቆጥርልኛለች?

በማግስቱ የጌጫን ዳገት ጀመርኩ። ያን ዳገት መኪናም ያቃስትበታል። መሐል ላይ ስደርስ ናስረዲን የሚባለው ሹፌር በአይሱዙው ከኋላዬ መጣ። ናስረዲን ከጅማ ጨርቅ የሚያመጣልኝ ሰው ነው፣ በጣም ነው የሚወደኝ፤ ጥፋቱም እሱ ነው። ጋሽ ወልዴ፣ ምን ሆነህ ነው አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ሳይክሉ ተበላሽቶ ነው አለኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። ታዲያ ለምን አትናገርም አለኝ። ይህን ጊዜ ዝም ስል ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወርዶ ረዳቱንና ሌላ ተሳፋሪ ጠርቶ፣ ደም ግፊት ነው፣ ምላሱ ታስሯል፣ ቶሎ ጌጫ ክሊኒክ እናድርሰው አለና እኔንም ሳይክሌንም እንደ ጆንያ አንስተው ከላይ ጫኑን። ሦስት ጎረምሳ የሚያህሉ ሰዎች ይዘውኝ ምን ላድርግ? የጋቢናውን ጣሪያ በቡጢ ደበደብኩት። መታጠፊያው ላይ ቀስ ሲል ሳይክሌን ወርውሬ ተከትዬው ዘለልኩ። የዚህ አገር ሰው አንድ ሰው በገዛ ፈቃዱ ዳገት ይወጣል ብሎ ማመን ስለማይችል ነው ይህ ሁሉ የደረሰብኝ።

ከዚያ ምን አደረግሁ መሰለሽ? መኪና ላይ አልወጣም ብያለሁና ሳይክሌን አዙሬ እነሱ እስከያዙኝ ቦታ ድረስ ወረድኩ። ከዚያ እንደገና ወጣሁት። ናስረዲን መኪናውን አቁሞ ከላይ ሆኖ ስወርድ አየኝ፤ ራሱን ይዞ ቆመና ሄደ። እኔ መሄዱን እንጂ ምን ይዞ እንደሄደ አላሰብኩም።

ከጌጫ በታች፣ ቀርከሃው የሚጀምርበት ጥግ ላይ፣ አንዲት ትንሽ መንደር አለች። እዚያ አስካለች የምትባል ሴት ትኖራለች። ለጌጫ ገበያ ጨርቅ ይዤ ስሄድ ውኃም እርጎም የምጠጣው እሷ ደጅ ነው። ልጇ ይስሐቅ ሚዛን ተፈሪ ሲማር እኛ ቤት ነበር የሚያድረው፤ አቢጊያን የቁጥር ትምህርት ያስጠናት እሱ ነው። አምና ወደ ሰሜን ዘመተ። ለእናቱ የሚጽፈውም በእኔ ሱቅ አድራሻ ነው፤ ደብዳቤው ሲመጣ እኔ በሰው እልክላታለሁ ወይም ራሴ አደርስላታለሁ። ከክረምት ወዲህ ግን ከይስሐቅ አንድም ነገር አልመጣም። አሁን ስጽፍልሽ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ነው። ያን ቀን ግን የቱን ዳገት በየትኛው ሰዓት እንደምወጣ፣ ውኃ የት እንደምጠጣ ሳስብ፣ እኔ አፌን ዘግቼ በአስካለች ደጅ ሳልፍ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም።

ናስረዲን እዚያች መንደር ሻይ ሊጠጣ ቆሞ ያየውን ሁሉ ዘርግፎታል። ወልደአማኑኤል በሳይክል እየመጣ ነው፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ሰው ቢያናግረው አይመልስም፣ መኪና ብናሳፍረው ዘሎ ወረደ፣ ወደ ኋላ ሄደ፣ ደግሞ ተመለሰ ብሎ። ለመድረስ ልቡ ያልደፈረ ሰው ነው የሚመስለው አለ አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠየቃል? መርዶ የያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው። እኔ ዳገቱን እያቃሰትኩ ስወጣ መንደሩ ሥራውን ፈትቶ፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ አስካለች አጥር ሥር ተሰብስበው ይጠብቁኛል። እሷ ግን አልተነገራትም። ጓሮ ሆና ጎመን ትቆርጥ ነበር።

እኔ ከሩቅ ሳያቸው ለቅሶ ቤት መሰለኝና አዘንኩላቸው። አስካለች የሰው ድምፅ ሰምታ ጎመኑን በእጇ እንደያዘች ወጣች። አየችኝ። እኔም እንደ ልማዴ ሰላምታ ለመስጠት ከሳይክሌ ወርጄ፣ ቆቤን አውልቄ፣ ራሴን ዝቅ አደረግሁላት። በቃ። ይስሐቄ ብላ ጮኸችና መሬት ላይ ወደቀች። ሴቶቹ እላይዋ ላይ ወደቁ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ከዳር ዳር ተነሳ። አይደለም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ፤ እነሱ የለም፣ አልተረፈም ያልኩ መሰላቸው። እጄን አወዛወዝኩ፤ አንዷ ይኸው መቀበሪያው እንኳ አልታወቀም ነው የሚለው ብላ ደረቷን መታች። እትዬ፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ዓይነት ነገር አላየሁም።

እዚያ ላይ ቆሜ የታየኝ ያንቺ አንገት ነው። እውነቱን እነግርሻለሁ፤ ወዲያው አልተናገርኩም። የጌጫ ቆርቆሮዎች ከላይ ይታዩኛል፣ የቀረኝ ትንሽ ዳገት ነው። ሳይክሌን ይዤ ሸሽቼ ወጥቼ ስለቴን ካደረስኩ በኋላ ተመልሼ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌው ነበር። ግን አስካለች አፈሩን በእጇ እየዘገነች ራሷ ላይ ስትነሰንስ አየኋት፤ ደግሞ በሁለት እጇ ፊቷን ልትቧጭር ስትል እጄ ሳይክሉን ለቀቀው። ምንም መርዶ የለም፣ እኔ ስለ ይስሐቅ የማውቀው ነገር የለም ብዬ ጮህኩ። ያቺ ናት የመጀመሪያ ቃሌ። ስለቱ እዚያ ላይ ፈረሰ።

የባሰውን ስሚ። ማንም አላመነኝም። አቶ ወዳጆ የሚባሉ የመንደሩ ትልቅ ሰው ክንዴን ይዘው፣ ልጄ፣ አንዴ ከወጣ ወጥቷል፣ አሁን መደበቅ ምን ያደርጋል፣ ይልቅ ቀኑን ንገረን አሉኝ። መርዶ ነጋሪ ሲጨንቀው የለም ማለቱ የተለመደ ነው። ማልኩላቸው። እግዚአብሔር ያጽናህ አሉኝ። ስለ አንቺ የተሳልኩትን ስለት ሰጥቼ የገዛሁትን ቃል አንድም ሰው አልቀበልም አለኝ! ያን ጊዜ እትዬ፣ የሁለት ቀን ዝምታዬ በአንድ ጊዜ ገነፈለ። እናንተ ደንቆሮዎች አልኳቸው። ሰው በሳይክል ባለፈ ቁጥር ሬሳ የምታወጡ አልኳቸው። የአቶ ወዳጆን እጅ መንጭቄ፣ እርስዎ ሸምግለው ሳያረጋግጡ ጋቢ ያዘቀዘቁ አልኳቸው። ለእሷም አልተመለስኩም፤ አንቺ ሴትዮ፣ ልጅሽን በአፍሽ አትግደይው፣ ተነሽ ከዚያ አፈር ላይ ብዬ አምባረቅሁባት። ናስረዲንን ሰደብኩ፣ አይሱዙውን ሰደብኩ፣ ዓለምሸትንና አልጋ ቤቷን ሰደብኩ፤ ማን እንደሆነች እንኳ አያውቁም። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ድረስ ነው የተቆጣሁት።

ለቅሶው እየቀነሰ እየቀነሰ መጣና ሁሉም አፉን ከፍቶ አየኝ። አቶ ወዳጆ ጋቢያቸውን አስተካክለው ለበሱና ወደ ሰዉ ዞረው፣ ልጁ በሕይወት አለ፣ መርዶ የያዘ ሰው እናትየዋን እንዲህ አይሳደብም አሉ። ይኸው ነው። መሐላዬን ያላመኑ ሰዎች ስድቤን አመኑኝ። አስካለች ከመሬት ተነስታ አየችኝ፤ ጎመኑ አሁንም በእጇ ነው።

ከዚያ ታዲያ ለምን ዝም አልክ አሉኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አንገትሽን፣ ሐኪሙን፣ ስለቱን። ሰዉ ወደ መሬት አየ፤ ናስረዲን ነው፣ የለም አንተ ነህ፣ እሷ ናት መባባል ጀመሩ። አስካለች ግን ማንንም አልወቀሰችም። ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ያፈረሰው የእኔ ጩኸት ነው፣ ከዚህ እስከ ማርያም ያለውን እኔ ዝም ብዬ እጨርስልሃለሁ አለችኝ። አይሆንም አልኳት። የእኔ ስለት ነው፣ የእኔ እህት ናት፣ የሰው ስለት እንዴት ይጨረሳል ብዬ ተከራከርኩ። መልስ አላገኘሁም፤ ጀምራዋለች። ነጠላዋን አጣፍታ መንገድ ገባች።

ዳገቱን አብረን ወጣነው፤ እሷ በእግሯ፣ እኔ ሳይክሌን እየገፋሁ። ይህም ያለ ንዴት አላለፈም። ዓይኗ አብጧል፣ ፀጉሯ ላይ አፈር አለ፣ ሰው ሰላም ሲላት አትመልስም፣ አጠገቧ ደግሞ የደብዳቤዋ አድራሽ አለ። በየደረስንበት ሴቶች ሊያለቅሱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ያነሳሉ። እኔ ከፊት ከፊት እየሮጥኩ፣ መርዶ አይደለም፣ ስለት ነው፣ ዝም በሉ፣ ይስሐቅ ደህና ነው እያልኩ እጮሃለሁ። ደህና መሆኑን ከየት አውቄ እንደሆነ እኔም አላውቅም፤ ብቻ እንዲህ ነበር የምለው። እሷ አንድ ጊዜ እንኳ ከንፈሯን አላንቀሳቀሰችም። ጉሙ ከቀርከሃው መሐል እየወጣ ነጠላዋን አራሰው። እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ያቃተኝን እሷ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ በኋላ እንዴት እንደቻለችው አልገባኝም፤ ይህም ራሱ አናደደኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስንደርስ ተሳለመችና መጀመሪያ የተናገረችው የእህትህ የክርስትና ስም ማነው የሚል ነው። ወለተ ኪዳን አልኳት። ተንበርክካ ስምሽን ጠራች። ደጋግማ ነው የጠራችው። የይስሐቅን ስም ያነሳችው ከአንቺ በኋላ ነው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ስለቱ ደርሷል ወይስ አልደረሰም ብዬ ጠየቅኋቸው። ደርሷል፣ እመቤታችን ተቀብላለች አሉኝ። ከየት አወቁ አልኳቸው። ማናልሞሽ ይህን ስነግራት ካህን እንዲህ ይባላል ብላ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። እኔ ግን አሁንም እጠይቃለሁ፤ ከየት አወቁ?

ስመለስ መናገር እችል ነበር፤ ስለቱ አብቅቷል። ዳገቱን ሁሉ ቁልቁል ስወርድ ጠዋት ነበር፤ ጉሙ ከበታቼ ሸለቆውን ሞልቶታል፣ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ የወጣ ዛፎች ይታያሉ። ሰዎች ሰላም አሉኝ፣ እኔም መለስኩላቸው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የምለው አጣሁ። ናስረዲንን ቴፒ መናኸሪያ አገኘሁት። የስድብ ሁሉ ዓይነት አዘጋጅቼለት ነበር። ሲያየኝ ጋሽ ወልዴ ተሻለህ ብሎ ሮጦ ሲያቅፈኝ ግን ምን ልበለው? ተሻለኝ አልኩት።

እንግዲህ ይኸውልሽ እትዬ። ስለቴ ግማሹ በእኔ፣ ግማሹ በሌላ ሰው አፍ ነው የሄደው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ስድብ አለበት። ማርያም ይህን እንዴት አድርጋ እንደምትደምረው አላውቅም። አንዳንድ ቀን አንቺን በአስካለች የለወጥኩ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ለማንም የማልናገረው ፍርሃት ይይዘኛል። ደግሞ ያን አፈር ሳስበው ተመልሼም ቢሆን እናገራለሁ። ብትቆጪኝ ደስ ይለኛል። ዝም ማለታችሁ ነው እንጂ የሚገድለኝ ቁጣሽ አይደለም። አስካለች በየገበያው ቀን ሰው ትልክብኛለች። የሚመጣው ሰው ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ከይስሐቅ ደብዳቤ መጣ ወይ ብሎ አይደለም፤ እህትህ ተናገረች ወይ ብሎ ነው። እንዲህ ብለህ ጠይቅ ብላ ነው የምትልከው። ሁለቱንም ባዶውን ነው የምመልሰው። ምን ብዬ ልመልስላት?

ለጋሽ ክፍሌ የከበረ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ከላይ ያልኩትን አይቀየመኝ፣ ወገቡን ቅቤ ይታሽበት። ሰብለን በሁለት ጉንጯ ሳሚልኝ፣ እስክሪብቶ ካጣች እልክላታለሁ በያት። ሙሉዓለም ካርታውን ትቶ አንቺን ይርዳሽ። ማናልሞሽ እንደምን አለሽ ብላለች፣ ለቁስልሽ የሚሆን የጌጫ ማር በሰው ልካልሻለች፤ አቢጊያ አክስቴ ናፈቀችኝ ትላለች። አስካለችም ሰላም በልልኝ ብላለች፤ አታውቂያትም፣ እሷ ግን በክርስትና ስምሽ ነው የምትጠራሽ።

ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የአሕመዲን መድኃኒት ቤት ስልክ አስገብቷል፤ ቁጥሩን ከፖስታው ጀርባ ጽፌዋለሁ። ራስሽ ደውዪ። ጋሽ ክፍሌም፣ ሰብለም እንዳይደውሉልሽ። ድምፅሽ ካለ ስሜን ጥሪው። ከሌለም ግድ የለም፤ ስልኩን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ዝም ብለሽ ቁሚ፣ በትንፋሽሽ አውቅሻለሁ፤ ወሬውን እኔ አወራልሻለሁ።

ወንድምሽ ወልደአማኑኤል
ሚዛን ተፈሪ
የካቲት 6 ቀን 1992 ዓ.ም.